ሕመም ሳይቀድማት የምትደርስ ነርስ

ብዙዎቻችን ነርስን የምናውቃት በሆስፒታል አልጋ አጠገብ ነው፤ ሕመምተኛው ከወደቀ በኋላ መሆኑ ነው። ሰው ሳይታመም ቤቱ ድረስ እየሄደች የምትመረምር ነርስ በአሜሪካ አገር በኬንታኪ ተራሮች እንድትሠራ ያደረጉት ወይዘሮ ሜሪ ብሬክንሪጅ ናቸው። የእኒህን ሴት ታሪክ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ እናቀርባለን። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ወይዘሮ ሜሪ በ1881 ዓ.ም. በሜምፊስ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በሩሲያ የአሜሪካ መልእክተኛ የነበሩ ሰው ስለ ሆኑ ልጅነታቸው የምቾት ነበር። ኋላ ግን መከራ ተከታተለባቸው። የመጀመሪያ ባላቸው በ1906 ሞቱ። በኒውዮርክ ነርስነት ተምረው በ1910 ከተመረቁ በኋላ ዳግመኛ አገቡ፤ ዳሩ ግን ሴቷ ልጃቸው በ1916 በተወለደችበት ቀን ሞተች፤ ወንዱም በ1918 አራት ዓመት እንደ ሞላው አረፈ። ኀዘናቸውን ይዘው ቤት አልተቀመጡም። ከጦርነቱ በኋላ በፈረንሳይ አገር በተጎዱ እናቶችና ሕፃናት መካከል ሠሩ፤ ቀጥለውም በእንግሊዝ አገር አዋላጅነት ተማሩ።

በ1925 ሌስሊ በሚባለው የኬንታኪ አውራጃ ሥራ ጀመሩ። መኪና የሚያስኬድ መንገድ አልነበረም፤ ወራጅ ውኃው ራሱ መንገድ ነበር። የደጋ አገራችንን ጉዞ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩን ሳንዘረዝርለት ይረዳዋል። ነርሷ መሣሪያዋን በኮርቻ ከረጢት ይዛ በፈረስ ትሄዳለች። የነፍሰ ጡሯን የደም ግፊት ትለካለች፤ ሽንቷን ትመረምራለች፤ ሕፃኑን ትመዝናለች፤ የታይፎይድና የዲፍቴሪያ ክትባት ትሰጣለች፤ የውኃውን ጉድጓድና የሽንት ቤቱን ሁኔታ እንኳ ሳታይ አታልፍም። ሐኪም ሩቅ ስለ ነበረ ሐኪሞች በጻፉላት ደንብ እየተመራች ትሠራለች፤ ከደንቡ ያለፈ ነገር ሲያጋጥማት ሐኪም ታስጠራለች። ለአንድ ወሊድ የሚከፈለው 5 ዶላር ነበር፤ ገንዘብ ያጣ ሰው የፈረስ ድርቆሽ ያመጣል ወይም በጉልበቱ ያገለግላል።

እኛ ከሁሉ ይልቅ የምናደንቀው መዝገባቸውን ነው። ወሊዱ ሁሉ ከመጀመሪያው ተጽፎ ይያዝ ስለ ነበር፣ የኢንሹራንስ ኩባንያ የቁጥር ሊቅ የሆኑት ሉዊስ ደብሊን የመጀመሪያዎቹን 1000 ወሊዶች መርምረው የእናቶች ሞት ከአገሪቱ መካከለኛ ቁጥር እጅግ ያነሰ መሆኑን አረጋገጡ። ነቀፋ የለባቸውም አንልም፤ ጥቁር ነርሶችን አይቀጥሩም ነበር።

በ1931 ከፈረስ ወድቀው ጀርባቸው ቢሰበርም ሥራቸውን ሳይተዉ ቆይተው በ1965 ሞቱ። ማኅበራቸው በ1939 የከፈተው የአዋላጆች ትምህርት ቤትም በ1970 ቤተሰብን በሙሉ የሚመረምሩና የሚያክሙ ነርሶችን ማሠልጠን ጀመረ። በዚያን ጊዜ በፈረሶቹ ምትክ ጂፕ መኪና ገብቶ ነበር።