በትንፋሽ የሚሰጥን መድኃኒት የመጠነው ሐኪም፤ ጆን ስኖው

በቦሌና በሌላውም የምሥራቅ አዲስ አበባ ሠፈር አቧራና የመኪና ጢስ ሲበዛ፣ አስም ያለበት ሰው ከኪሱ ኢንሄለር አውጥቶ ይስባል። መድኃኒቱ በደንብ የሚጠቅመው ግን ሰውዬው አየር መሳብ ሲጀምር አብሮ ሲለቀቅ ነው፤ ከዘገየ ወይም ከቀደመ አብዛኛው በአፍና በጉሮሮ ይቀራል። መሣሪያው ራሱ ጊዜውን እንዲመርጥ ለማድረግ መሐንዲሶች ብዙ ደክመዋል። በትንፋሽ የሚገባ መድኃኒት በልክ እንዲሰጥ መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ስኖው ስለ ሆነ፣ ታሪኩን ለወጣቶቻችን በአጭሩ እናቀርባለን። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ስኖው በ1813 ዮርክ በምትባል ከተማ ከድኻ የጕልበት ሠራተኛ ተወለደ፤ ከዘጠኝ ልጆች በኵሩ ነበር። በ14 ዓመቱ ሙያ ሊማር ከአንድ ሐኪም ዘንድ ገባ፤ ኋላም ሎንዶን ሄዶ ትምህርቱን ፈጸመ።

በ1846 መጨረሻ ሕመም የሚያስረሳው የኤተር ተን ከአሜሪካ ሎንዶን ሲደርስ፣ ሐኪሞች በግምት ይሰጡት ጀመር። ስኖው ግን የተኑ ብዛት ከሙቀት ጋር እንደሚለዋወጥ በቍጥር አሳየ፤ በ1847ም ሙቀቱ እንዳይዋዥቅ በውኃ ውስጥ የሚቀመጥ መተንፈሻ መሣሪያ ሠራ። የቦታው ከፍታም ለውጥ ያመጣል፤ ይኸውም ኤተር በባሕር ጠረፍ በ35 ዲግሪ ሲፈላ፣ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በቦሌ በ27 ዲግሪ ገደማ ይፈላል።

በ1848 መጀመሪያ አንዲት የ15 ዓመት ልጃገረድ የእግር ጥፍሯ ሊነቀል ክሎሮፎርም እንደ ሳበች ሞተች። ስኖውም ጥፋቱ ተኑ ከአየር ጋር ሳይመጠን በጨርቅ መሰጠቱ እንደ ሆነ ተከራከረ። በ1853 እና በ1857 ንግሥት ቪክቶርያ ሲወልዱ ክሎሮፎርም የሰጣቸው እርሱ ነው።

ስኖው በሽተኛውን ነቅቷል ወይም ደንዝዟል ብሎ በሁለት ብቻ አልከፈለም። ትንፋሹን፣ ዓይኑንና እንቅስቃሴውን እየተመለከተ መደንዘዙን በአምስት ደረጃ ከፈለው። በ1965 ሎትፊ ዛዴህ ያወጣው ፈዚ ሎጂክ የተባለው የሒሳብ ስልትም በአዎንና በአይደለም መካከል ያለውን ደረጃ ይቀበላል። በዚህ ስልት የሚሠራ መሣሪያ ትንፋሹ ምን ያህል ፈጣን ወይም ዘገምተኛ እንደ ሆነ መዝኖ መድኃኒቱ የሚለቀቅበትን ቅጽበት ይወስናል።

ስኖው በ1854 ኮሌራ በተበከለ ውኃ እንደሚተላለፍ በማስረዳቱም ስሙ ገንኗል። በ1858 በ45 ዓመቱ ሞተ፤ ስለ ክሎሮፎርም የጻፈው መጽሐፍ የታተመው ከሞቱ በኋላ ነው። ተማሪም ሆነ በመሥሪያ ቤት ያለ ወጣት ከዚህ ሰው የሚማረው፣ የሰው ሕይወት በተያዘበት ጕዳይ መለካት ሲቻል በግምት መሥራት ጥፋት መሆኑን ነው።