የካፋን ኑሮ የጻፈው እንግዳ፤ ፍሪድሪክ ዩሊዩስ ቢበር

በቦንጋ ያደግን ተማሪዎች የነገሥታትን ስም እናጠናለን እንጂ፤ አያቶቻችን ምን ይበሉ እንደ ነበርና በምን መሣሪያ ይሠሩ እንደ ነበር ብዙ ጊዜ አንጠይቅም። ይህን ሁሉ አስቀድሞ የጠየቀ አንድ የሩቅ አገር ሰው ስለ ነበረ፤ ታሪኩን በአጭሩ ልናወሳ ወደድን። ዓመቶቹ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቢበር በ1873 በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ተወለደ። ስለ አፍሪካ ያገኘው ዕውቀት በራሱ ንባብ የተገኘ ነው፤ መተዳደሪያውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ ነበር። በ1905 አገሩ ወደ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የንግድ መልእክተኞች በላከች ጊዜ አብሮ መጣና ከአዲስ አበባ ወደ ካፋ ወረደ። በ1909ም ከባሮን ፎን ሚሊዩስ ጋር ተመልሶ መጣ።

የደረሰበት ጊዜ ግን እጅግ የሚያሳዝን ነበር። በ1897 የካፋ መንግሥት በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ድል ሆኖ፤ የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ተማርኮ ተወስዷል። በጦርነቱና ከዚያ በኋላ በመጣው ችግር ብዙ ሕዝብ አልቋል። ስለዚህ ቢበር የንጉሡን አደባባይ በዓይኑ አላየም፤ ያን ዘመን የሚያስታውሱትን ሰዎች ጠየቀ እንጂ። ሚክሬቾ ስለሚባሉት የንጉሡ አማካሪዎች፤ አገሩን ስለሚጠብቀው ጥልቅ ጕድጓድና ስለ በሮቹ የጻፈው ከነርሱ የሰማውን ነው።

በዓይኑ ያየው የሕዝቡን የዕለት ኑሮ ነው፤ ለእኛም ይልቁን የሚጠቅመን ይህ ይመስለናል። የቤቱን አሠራር፤ እንሰቱን፤ ማሩን፤ ቡናውን፤ ሠርጉንና ቀብሩን፤ ቋንቋውንም ሳይቀር መዘገበ። ከእኛ መካከል እናቱ እንሰት ስትፍቅ አጠገቧ ተቀምጦ የመሣሪያዎቿን ስም የጻፈ ተማሪ ማን አለ? ለእኛ ተራ የሆነብን ነገር ለርሱ ብዙ ወር መንገድ የሚያስኬድ ነበር።

ስለ ካፋ የጻፈው ትልቅ መጽሐፍ በሁለት ክፍል በ1920ና በ1923 ታተመ። ሕዝቡን ከጥንታዊ የኩሽ ሥልጣኔ ጋር ለማያያዝ ያደረገው ጥረት ግን በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባዋል፤ ግምትና ያዩትን መናገር አንድ አይደሉምና። ሁለተኛው ክፍል በወጣ በዓመቱ፤ በ1924፤ በቪየና ሞተ። ከካፋ የሰበሰባቸው ብዙ ዕቃዎችም በዚያው ከተማ ቀሩ።

መጽሐፉ የተጻፈው በጀርመንኛ ነው። የአያቶቻችንን ኑሮ ከዚያ ለማንበብ የምንፈልግ እኛ የልጅ ልጆቻቸው አስተርጓሚ ያስፈልገናል።