ጆን ስኮት ሆልዴን፦ የማይታየውን አየር የመረመሩ ሊቅ (1860–1936)

በነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ ናሙና መውሰድ ከሩቅ ሲመለከቱት ቀላል ሥራ ይመስላል። ቫልቭ ይከፈታል፤ ጠርሙስ ወይም የብረት ሲሊንደር ይሞላል፤ ምልክት ተደርጎበት ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። ይሁን እንጂ በቧንቧና በታንክ ውስጥ ተዘግቶ የሚኖረው ፈሳሽና ጋዝ ከሠራተኛው ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘው በዚህች አጭር ጊዜ ነው። በዚያች ሰዓት ሁለት ነገሮች ባንድነት መጠበቅ አለባቸው፤ አንደኛው የናሙናው እውነተኛነት፣ ሁለተኛው የናሙና ወሳጁ ሕይወት ነው። ሁለቱን አጣምሮ ለመጠበቅ ዕድሜያቸውን ከሰጡት ሊቃውንት መካከል ስኮትላንዳዊው ሐኪምና የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ጆን ስኮት ሆልዴን በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ።

ሆልዴን እ.ኤ.አ. በ1860 በኤደንብራ ከተማ ተወለዱ፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1884 የሕክምና ትምህርታቸውን በኤደንብራ ዩኒቨርሲቲ ከፈጸሙ በኋላ፣ እንደ ባልንጀሮቻቸው በሽተኛ ከመመርመር ይልቅ ጤነኛው ሰው የሚተነፍሰውን አየር ለመመርመር መረጡ። በደንዲ ከተማ ከሥራ ጓደኞቻቸው ጋር በመሆን፣ ሌሊት ሰው በተኛበት ሰዓት ወደ ድሆች መኖሪያ እየገቡ የአየር ናሙና ይወስዱ ነበር። ናሙናው ሰዎቹ በእርግጥ የሚተነፍሱትን አየር እንዲወክል ከተፈለገ፣ መወሰድ ያለበት ሰዎቹ በሚተነፍሱበት ቦታና ሰዓት መሆኑን ከመጀመሪያው ተገንዝበው ነበር። ውጤቱም በ1887 ታተመ። ከዚያ በኋላ ወደ ኦክስፎርድ ሄደው፣ ስመ ጥር የፊዚዮሎጂ ሊቅ ከነበሩት አጎታቸው ከጆን በርደን ሳንደርሰን ዘንድ ሥራቸውን ቀጠሉ።

በሐምሌ 1895 ለንደን አጠገብ በምትገኘው ኢስት ሃም፣ በቆሻሻ ውሃ መግፊያ ጣቢያ አንድ ሠራተኛ ወደ ጉድጓዱ ወርዶ ወደቀ። እርሱን ለማውጣት አንድ በአንድ ተከታትለው የወረዱት አራት ባልደረቦቹም አብረውት ሞቱ። የአደጋውን መንስዔ የመረመሩት ሆልዴን ገዳዩ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ መሆኑን አረጋገጡ። ድፍድፍ ነዳጅ በሚጣራበት ሥፍራ ሁሉ የሚያስፈራውም ይኸው ጋዝ ነው። በጥቂቱ ሲሆን እንደ ተበላሸ ዕንቁላል ይሸታል፤ መጠኑ ሲበዛ ግን የማሽተት ስሜትን ስለሚያደነዝዝ፣ ሽታው የጠፋ የመሰለው ሰው አደጋው አለፈ ብሎ ሲረጋጋ ይወድቃል። የኢስት ሃም አምስት ሟቾች ለሙያው ትተውት ያለፉት ትምህርት ሁለት ነው። አፍንጫ የመለኪያ መሣሪያ አይደለም፤ የወደቀን ጓደኛ ለማዳን ያለ መተንፈሻ መሣሪያ የሚሮጥ ሰውም የሟቾችን ቁጥር ከመጨመር በቀር የሚፈይደው ነገር የለም።

በዚያው በ1895 ሆልዴን ስለ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያደረጉት ሙከራ ስማቸውን ይበልጥ አስጠራው። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ከደሙ ጋር ይዋሐዳል። ሆልዴን መጠኑ የታወቀ ጋዝ ራሳቸው እየተነፈሱ፣ የሚሰማቸውን በየደቂቃው እየመዘገቡ፣ ደማቸውንም እያስቀዱ ይመረምሩ ነበር። በአንዱ ሙከራ ከደማቸው ኦክሲጂን ተሸካሚ ክፍል ከግማሽ በላይ የሚሆነው በመርዙ እስኪያዝና ለመቆም እስኪያቅታቸው ድረስ ቀጠሉ። በጥር 1896 በደቡብ ዌልስ በታይለርስታውን የከሰል ማዕድን ፍንዳታ ደርሶ 57 ሰዎች በሞቱ ጊዜ ወደ ሥፍራው ሄደው አስከሬኖቹን መረመሩ። የብዙዎቹ ደም ደማቅ ቀይ ሆኖ ተገኘ። በመሆኑም አብዛኞቹ የሞቱት በፍንዳታው ኃይል ወይም በእሳቱ ሳይሆን ከፍንዳታው በኋላ በተከተለው ካርቦን ሞኖክሳይድ መሆኑን በዚያው ዓመት ለመንግሥት ባቀረቡት ሪፖርት ገለጹ። ይህ ማለት ከፍንዳታው ከተረፉት መካከል ብዙዎቹ የአየሩን ሁኔታ የሚነግራቸው ቢኖር ኖሮ ሊድኑ ይችሉ ነበር ማለት ነው።

ለዚህም ያቀረቡት መፍትሔ በጣም ቀላል ነበር። ትንሽ እንስሳ ከሰው ይልቅ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ በመርዙ የሚጠቃው ቀድሞ ነው። ስለዚህ ወደ ተጠረጠረ ሥፍራ የሚገባ ሰው አይጥ ወይም ወፍ ይዞ እንዲገባ መከሩ። ካናሪ የምትባለው ትንሽ ወፍ ስትመረዝ ከመቀመጫዋ ስለምትወድቅ ምልክቷ ጉልህ ነው። በብሪታንያ የማዕድን ጉድጓዶች እስከ 1986 ድረስ ካገለገለች በኋላ ቦታዋን ለኤሌክትሮኒክ መመርመሪያ ለቀቀች።

በላቦራቶሪ በኩል ያበረከቱት ደግሞ በስማቸው የሚጠራው የጋዝ መተንተኛ መሣሪያ ነው። መጠኑ የተለካ ናሙና በመጀመሪያ ወደ ካስቲክ ፖታሽ ሲገፋ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይዋጣል፤ በጋለ የፕላቲነም ሽቦ ላይ ሲያልፍ ሚቴኑ ይቃጠላል፤ በፓይሮጋሎል ውስጥ ሲያልፍ ኦክሲጂኑ ይወሰዳል፤ የሚቀረውም ናይትሮጂን ነው። በየደረጃው የጎደለው መጠን የእያንዳንዱን ጋዝ ድርሻ ያሳያል። የሙቀትና የግፊት ለውጥ ንባቡን እንዳያዛባ፣ ከመለኪያው ጎን በአንድ ውሃ ውስጥ ሌላ ማነጻጸሪያ ቱቦ አኖሩ። ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ከንቱ የሚያደርገው ግን ከጉድጓዱ የመጣው ናሙና ራሱ የተሳሳተ እንደ ሆነ ነው። ስለዚህም ሆልዴን የሌላ ሰው ጠርሙስ እስኪደርሳቸው ከመጠበቅ ይልቅ፣ በጠባቡ ዋሻ በደረታቸው እየተሳቡ ናሙናውን ራሳቸው ይወስዱ ነበር።

ኋላ ታዋቂ የዘር ውርስ ተመራማሪ የሆነው ልጃቸው ጄ. ቢ. ኤስ. ሆልዴን ገና ልጅ ሳለ ከአባቱ ጋር ወደ ማዕድን ጉድጓድ ይወርድ ነበር። አንድ ቀን አባትየው ጣሪያው ዝቅ ባለ ዋሻ ውስጥ ቆሞ ከሼክስፒር ድርሰት የአንድ ገጸ ባሕርይ ንግግር በቃሉ እንዲወጣ አዘዙት። ልጁ ብዙም ሳይቆይ ትንፋሹ አጥሮ፣ እግሮቹ ከድተውት ወደቀ። ወለሉ ላይ ግን አየሩ ደኅና ነበርና ወዲያው ነቃ። ሚቴን ከአየር ስለሚቀል ከጣሪያው ሥር ይከማቻል። ፕሮፔን፣ ቡቴንና ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ደግሞ ከአየር ስለሚከብዱ በጉድጓድና በዝቅተኛ ሥፍራ ይተኛሉ። በአንድ ከፍታ ብቻ የተወሰደ ናሙና ስለ ታንኩ ሁሉ ሊመሰክር የማይችለው ስለዚህ ነው።

የሆልዴን ሥራ በማዕድን ጉድጓድ ብቻ አልተወሰነም። በ1908 ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ጠላቂ ዋናተኞች ከጥልቅ ባሕር በደረጃ የሚወጡበትን ሠንጠረዥ አሳተሙ። በ1915 ጀርመኖች በጦር ሜዳ የለቀቁት ጋዝ ክሎሪን መሆኑን ለማረጋገጥ ወደ ፈረንሳይ ተላኩ። ለረጅም ዘመን የማዕድን ምርምር ላቦራቶሪ በኃላፊነት መሩ፤ በ1934 የብሪታንያ ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳልያን ሸለማቸው።

ይሁን እንጂ የእኚህ ሰው ሕይወት ስሕተት የሌለበት አልነበረም። ሳንባ ኦክሲጂንን በራሱ ኃይል ወደ ደም ያመነጫል የሚለውን አስተሳሰብ፣ ማስረጃው ከተቃወመው በኋላም አልተዉትም። ከዚህ የከፋው ግን የከሰል አቧራ ለሳንባ ጉዳት የለውም ብለው ማመናቸው ነበር። በጋዝ የሚሞተው ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚወድቅ ምስክርነቱ ግልጽ ነው፤ በአቧራ የሚሞተው ግን ዓመታት ይወስዳል። ብሪታንያ የከሰል ሠራተኞችን የሳንባ በሽታ ካሣ የሚገባው መሆኑን የተቀበለችው እርሳቸው ካረፉ በኋላ፣ በ1943 ነበር። የአንድ ሊቅ ስም ትልቅነት የማስረጃን ቦታ ሊይዝ እንደማይገባው ይህ ያስረዳል።

የመጨረሻ ጉዟቸው ወደ ነዳጅ ሠራተኞች ነበር። ዕድሜያቸው ሰባ አምስት ዓመት በሆነ ጊዜ፣ በነዳጅ ማጣሪያ ሠራተኞች ላይ የሚደርሰውን የሙቀት ምታት ለመመርመር ወደ ኢራን ሄዱ። ከዚያ እንደ ተመለሱ በመጋቢት 1936 በኦክስፎርድ አረፉ።

ሆልዴን በገዛ ሳንባቸው የለኩት፣ በዘመናቸው ሌላ መለኪያ በማነሱ ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለውን ድፍረት መድገም ለእርሳቸው ክብር አይሆንም፤ የደከሙት ከእርሳቸው በኋላ ማንም ሰው የአየሩን ምንነት በመተንፈስ እንዳይማር ነውና። በነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ ናሙናው ለአየር ሳይጋለጥ በተዘጋ ዑደት ወደ ሲሊንደር ሲገባ፣ ፈሳሹ በሙቀት ሲሰፋ ሲሊንደሩን እንዳይሰነጥቀው ባዶ ቦታ ሲተውለት፣ ናሙና ወሳጁ ነፋሱን ከጀርባው አድርጎ የጋዝ መመርመሪያውን በደረቱ ላይ ሰክቶ ሲቆም፣ ሁለተኛውም ሰው መተንፈሻ መሣሪያውን አዘጋጅቶ ከሩቅ ሲጠብቀው፣ የኢስት ሃምና የታይለርስታውን ሟቾች ትምህርት በሥራ ላይ ዋለ ማለት ነው። ከእነዚህ አንዱ በጥድፊያ ወይም በልማድ የታለፈ ዕለት ግን፣ የናሙና ወሳጁ ሳንባ ከመቶ ዓመት በፊት እንደነበረው እንደገና የመለኪያ መሣሪያ ይሆናል።