የየካቲት 12ን ሐውልት የቀረጸ እጅ፦ አንቱን አውጉስቲንቺች (1900–1979)

አዲስ አበባ ደርሶ ስድስት ኪሎን ሳያይ የተመለሰ ሰው ጥቂት ነው። አደባባዩ መካከል የቆመውን ረጅም ሐውልትም ሁሉም ያውቀዋል። በየዓመቱ የካቲት 12 ቀን የአበባ ጉንጉን ይቀመጥበታል፤ አርበኞችና የአርበኞች ልጆች ይሰበሰቡበታል። ነገር ግን ይህን ሐውልት ማን ሠራው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ከእኛ ከቡሬ ልጆችም ሆነ ከሌሎቹ ዕጩ መምህራን መካከል እጁን የሚያወጣ ብዙ አይገኝም። ነገ ክፍል ገብተን ስለ የካቲት 12 ስናስተምር ግን ከፊት ወንበር የተቀመጠ አንድ ልጅ ይህንኑ ጥያቄ ሊያነሣብን ይችላል። ያን ጊዜ ጣራ ጣራ እንዳናይ ከወዲሁ ብናውቀው መልካም ነው ብለን ይህችን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

ሐውልቱን የሠሩት ሁለት ቀራጽያን ናቸው። አንደኛው ፍራኖ ክርሺኒች፣ ሁለተኛው አንቱን አውጉስቲንቺች ይባላሉ። ሁለቱም የክሮኤሺያ ተወላጆች ሲሆኑ፣ ሐውልቱ በተሠራበት ጊዜ ክሮኤሺያ የዩጎዝላቪያ አንድ ክፍል ነበረች። በዚህ እትም የምናቀርበው የሁለተኛውን ሕይወት ነው። ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር ዘመኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አውጉስቲንቺች ግንቦት 4 ቀን 1900 ክላንየጽ በምትባል አነስተኛ ከተማ ተወለደ። አገሩ ኮረብታማና የገበሬ አገር ነው። ያን ጊዜ የኦስትሪያ-ሀንጋሪ ግዛት ነበር። ከክላንየጽ ብዙም ሳይርቅ ኩምሮቬጽ የሚባል መንደር አለ። በኋላ የዩጎዝላቪያ መሪ የሆነው ዮሲፕ ብሮዝ ቲቶ በ1892 የተወለደው እዚያ ነው። የሁለት ጎረቤት መንደሮች ልጆች መሆናቸውን እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ ወደ ኋላ ስለምንመለስበት።

በ1918 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ወጣቱ ዛግሬብ ከተማ ገብቶ በሥነ ጥበብና በእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ቅርጻ ቅርጽ መማር ጀመረ። ከ1922 ጀምሮ ደግሞ ያስተማረው ኢቫን ሜሽትሮቪች ነበር። ሜሽትሮቪች በዚያ ዘመን በመላው አውሮፓ ስሙ የታወቀ ታላቅ ቀራጺ ነው። አውጉስቲንቺች በ1924 ትምህርቱን ጨርሶ በፈረንሳይ መንግሥት የትምህርት ዕድል ወደ ፓሪስ ሄደ፤ እዚያም ሥራዎቹን ለኤግዚቢሽን አቅርቦ በ1926 ወደ ዛግሬብ ተመለሰ።

የዚህ ሰው ሙያ ምን ዓይነት እንደሆነ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። ጀበናና ምጣድ የሚሠሩ እናቶቻችን እንደሚያውቁት፣ እርጥብ ሸክላ ከፍ ባለ ቁጥር በራሱ ክብደት ይናዳል። ትልቅ ሐውልት የሚሠራ ቀራጺም ችግሩ ይኸው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የብረት አጽም ያቆማል፤ በዚያ ላይ ሸክላውን እየለጠፈ ቅርጹን ያወጣል። ከዚያ ቅርጹ በጀሶ ይገለበጣል። በመጨረሻ የመዳብና የቆርቆሮ ቅልቅል የሆነው ነሐስ ቀልጦ በቅርጽ ማውጫው ውስጥ ይፈስሳል። ሐውልቱ ትልቅ ከሆነ ተቆራርጦ ይቀለጥና ቁርጥራጩ በኋላ ይጋጠማል። ከሁሉ የሚከብደው ፈረሰኛ ነው። ፈረሱ ከነጋላቢው በቀጫጭን እግሮች ላይ መቆም አለበት፤ አንዱን እግር ካነሣ ደግሞ ክብደቱ በሦስቱ ላይ ይወድቃል። አውጉስቲንቺች ስሙን ያተረፈው በዚህ ከባድ ሥራ ነው። ፈረስ ያውቅበታል።

በ1929 ከሌሎች ወጣት አርቲስቶች ጋር ሆኖ ዜምልያ የሚባል ማኅበር አቋቋመ፤ ትርጉሙ ምድር ማለት ነው። ማኅበሩ ጥበብ የድሃውን ኑሮ ማሳየት አለበት የሚል ነበር። አውጉስቲንቺች ግን በ1933 ከማኅበሩ ወጣ። በእነዚያ ዓመታት የመንግሥት ሥራ ይመጣለት ነበር። የዩጎዝላቪያን ንጉሥ የአሌክሳንደርን ሐውልቶች ሠራ፤ በ1937 ደግሞ በሰርቢያ በኒሽ ከተማ የነጻ አውጪዎች ሐውልት ተመረቀለት። ለፖላንድ ከተማ ለካቶቪጼም የፖላንዱን መሪ የፒልሱድስኪን ፈረሰኛ ሐውልት ቀረጸ። ይህ ሥራ ሲጠናቀቅ ግን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደረሰና ሐውልቱ ዛግሬብ ቀረ። ካቶቪጼ ላይ የቆመው በ1993 ነው፤ ቀራጺው ከሞተ 14 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

አሁን የሕይወቱ አስቸጋሪ ምዕራፍ ላይ ደረስን። ሚያዝያ 6 ቀን 1941 የጀርመን ጦር ዩጎዝላቪያን ወረረ፤ ኢጣልያም አብራ ገባች። የሚገርመው፣ አዲስ አበባ ከፋሽስት ኢጣልያ እጅ የወጣችውም በዚያው ዕለት ነው። እኛ ዘንድ ሲወጣ እነሱ ዘንድ ገባ እንደማለት ነው። የክርሺኒች የትውልድ ደሴት ኮርቹላ በኢጣልያ ጦር ተያዘች። በዛግሬብ ደግሞ ሙሶሊኒ ሲያኖረውና ሲደግፈው የቆየው አንቴ ፓቬሊች ሥልጣን ያዘ። የፓቬሊች መንግሥት ሰርቦችን፣ አይሁዶችንና የሮማ ተወላጆችን የፈጀ መንግሥት ነበር። እንግዲህ የእኛን ሰማዕታት ሐውልት የሠራው እጅ በዚያ ጊዜ የፓቬሊችንም ምስል ቀርጿል። በእንዲህ ያለ ከተማ እምቢ ማለት ምን ሊያስከትል እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። ቢሆንም ይህን ሸፍነን ብናልፍ ለአንባቢያችን ታሪክ ሳይሆን ውዳሴ ማቅረባችን ነው።

በ1943 አውጉስቲንቺች ዛግሬብን ትቶ ከፋሽስቶች ጋር ወደሚዋጉት አርበኞች ጫካ ገባ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር አርበኞቹ ያይጼ በምትባለው ከተማ ባደረጉት ታላቅ ጉባኤ ከምክር ቤቱ ምክትል ሊቀ መናብርት አንዱ ሆኖ ተመረጠ። የጎረቤት መንደሩን ልጅ የቲቶን ምስል የቀረጸውም እዚያው ያይጼ ውስጥ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1948፣ ካፖርት ለብሶ አንገቱን ደፍቶ የሚራመድ የቲቶን ሐውልት ሠራ። የዚህ ሐውልት አንዱ ቅጂ ኩምሮቬጽ ውስጥ ቲቶ ከተወለደበት ቤት አጠገብ ቆሟል።

በ1954 ዝናው ከአገሩ ወሰን አለፈ። ዩጎዝላቪያ ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሰላም የተባለውን ሐውልቱን በስጦታ ሰጠች። ኒው ዮርክ በድርጅቱ ግቢ የቆመው ይህ የነሐስ ሐውልት 5 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ፈረስ የምትጋልብ ሴት በአንድ እጇ የወይራ ዝንጣፊ፣ በሌላው እጇ ሉል ይዛ ትታያለች። በጦርነት ፈረስ ላይ የሚቀመጠው ሁልጊዜ ጄኔራል ነው፤ አውጉስቲንቺች ግን ጄኔራሉን አውርዶ ሰላምን አስቀመጠበት።

ወደ እኛ አገር ያመጣው የሁለቱ መንግሥታት ወዳጅነት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ዩጎዝላቪያን ጎበኙ፤ ቲቶም በታኅሣሥ 1955 ኢትዮጵያን ጎበኘ። የየካቲት 12 ሐውልት የተሠራው በዚሁ ጊዜ ሲሆን የዩጎዝላቪያ ስጦታ ነው። ከፍታው 28 ሜትር ነው። በነሐስ የተሠሩት ቅርጾቹ የዚያን ጭፍጨፋ ታሪክ ይናገራሉ። ቦታውም በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚያው አጠገብ፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ በሆነው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ሕዝብ በጥይት፣ በአካፋና በእሳት አለቀ። የኢትዮጵያ መንግሥት በአዲስ አበባ ብቻ 30,000 ሰው ማለቁን አስታውቋል።

ይህ ጉዳይ ለኢሉባቦር የሩቅ ወሬ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጠላት ስትያዝ የኢትዮጵያ መንግሥት መቀመጫ የሆነችው ጎሬያችን ናት። ራስ እምሩም ጦራቸውን ይዘው ወደ ጎሬ መጡ፤ ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶችና ሌሎች ምሁራን ያሉበት የጥቁር አንበሳ ማኅበርም ከእሳቸው ጋር ተሰለፈ። በ1929 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ጎሬ ተያዘች፤ ራስ እምሩም በታኅሣሥ ጎጀብ ወንዝ ላይ እጃቸውን ሰጡ። ከእሳቸው ጋር ከተማረኩት የጥቁር አንበሳ ወጣቶች ብዙዎቹ የካቲት 12ን ተከትሎ ተረሸኑ። ስለዚህ ስድስት ኪሎ ያለው ነሐስ ከቡሬ ተራሮች ሥር ያለፉትን ልጆችም ያለቅስላቸዋል ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

በሐረር ቆሞ የነበረው የራስ መኰንን ፈረሰኛ ሐውልትም ከአውጉስቲንቺች ሥራዎች ጋር ይቆጠራል። በዚህ ሐውልት የአርቲስት አፈወርቅ ተክሌ ስምም አብሮ ይነሣል። ሐውልቱ በ2012 ዓ.ም. በሰኔ መጨረሻ በተነሣው ሁከት ፈርሷል። ኩምሮቬጽ ያለው የቲቶ ሐውልትም በታኅሣሥ 2004 ፈንጂ ተጠምዶበት አንገቱ ተቆርጦ ነበር፤ በኋላ ተጠግኖ ወደ ቦታው ተመልሷል። ዩጎዝላቪያ ራሷ ደግሞ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፈራርሳለች። ነሐስ ዝናብና ፀሐይ ይችላል፤ የሰውን ቁጣ ግን አይችልም።

አውጉስቲንቺች መምህርም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በዛግሬብ የሥነ ጥበብ አካዳሚ አስተምሯል፤ ብዙ ወጣት ቀራጽያንም በሥሩ አልፈዋል። በስተርጅና ከሠራቸው ታላላቅ ሥራዎች አንዱ በ1973 ጎርኛ ስቱቢጻ ላይ የቆመው የማቲያ ጉቤጽ ሐውልት ነው። ጉቤጽ በ1573 በባላባቶች ላይ የተነሡትን ገበሬዎች የመራና በዚያው ዓመት የተገደለ ሰው ነው። ንጉሥና መሪ ሲቀርጽ የኖረው ሰው ከ400 ዓመት በፊት ለተሸነፈ ገበሬ እጁን በሰፊው ዘርግቶ አቆመለት።

በ1970 ሥራዎቹን ለትውልድ ከተማው ለክላንየጽ ሰጠ፤ በስሙ የተሰየመው ቤተ ሥዕል በ1976 ተከፈተ። ግንቦት 10 ቀን 1979 በ79 ዓመቱ ዛግሬብ ውስጥ ዐረፈ። የተቀበረውም ክላንየጽ በዚሁ ቤተ ሥዕል አጠገብ ነው። በመቃብሩ ላይ የቆመው የንጉሥም የማርሻልም ምስል አይደለም። ቁስለኛ ጓዳቸውን ተሸክመው የሚሄዱ ሰዎች ናቸው፤ ራሱ የሠራው ነው።

ታዲያ ስለዚህ ሰው ለተማሪዎቻችን ምን እንበል? ሦስት መንግሥት ያገለገለ እጅ ነው ብሎ የሚነቅፈው አለ፤ እውነት አለው። ለሰማዕታቶቻችን ያለቀሰ እጅ ነው ብሎ የሚያመሰግነውም አለ፤ እሱም እውነት አለው። የእኛ አሳብ ሁለቱንም ሳንደብቅ እንንገራቸው ነው። የሐውልቱ ክብር የመጣው ከቀራጺው ንጽሕና አይደለም፤ በዚያ ቦታ ከወደቁት ሰዎች ነው። እሱ ቅርጹን ሰጥቶ ሄዷል። ከነሐሱ በስተጀርባ እነማን እንዳሉ መናገር ግን የመምህር ሥራ ነው፤ መምህር ዝም ካለ ስድስት ኪሎ ያለው ሐውልት ታክሲ የሚዞርበት ድንጋይ ብቻ ሆኖ ይቀራል።