የሮንትገን ሕይወትና የሙታን ስም

ከአምቦ፣ ከጉደር ወይም ከጊንጪ ሐኪም ቤት የወጣ ሕመምተኛ የራጅ ፊልሙን በብብቱ ሸጉጦ ወደ ቤቱ ሲመለስ ማየት ለእኛ አዲስ አይደለም። ይኸው ፊልም አንድ ቀን የባለቤቱን ማንነት የሚመሰክር ሰነድ ሊሆን እንደሚችል ግን ብዙዎቻችን አናስብም። የዚህን ምስክርነት በር የከፈተው ቪልሄልም ሮንትገን ነው።

ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1845 በጀርመን አገር፣ በሌኔፕ ከተማ ተወለደ። ያደገው በሆላንድ ሲሆን፣ በዩትሬክት ተማሪ ሳለ ሌላ ልጅ በመምህር ፊት ላይ ያላገጠበት ሥዕል በስሕተት የእርሱ ነው ተብሎ ከትምህርት ቤት ተባረረ። ሆኖም ተስፋ ሳይቆርጥ በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1868 በመካኒካል ምህንድስና ተመረቀ፤ የሙያ ወንድማችን ነበር ማለት ነው።

ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓ.ም. በቩርዝቡርግ ቤተ ሙከራው ሥጋን አልፎ በአጥንት የሚገታ ጨረር አገኘ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላም የባለቤቱን እጅ ከነቀለበቷ አነሣ። ግኝቱ በተሰማ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቫልክሆፍ የተባለ ጀርመናዊ የጥርስ ሐኪም የገዛ ጥርሱን ራጅ ለማንሣት 25 ደቂቃ ታገሠ። የዓድዋ ጦርነት በተካሄደበት በዚያው ዓመት፣ በግንቦት ወር፣ በኢትዮጵያ የቆሰሉ ሁለት የኢጣልያ ወታደሮች ናፖሊ ላይ በራጅ ታይተው በክንዳቸው የቀረው ጥይት ያለበት ቦታ ታወቀ።

ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1901 የመጀመሪያውን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ሲቀበል ገንዘቡን ለዩኒቨርሲቲው ሰጠ፤ ለግኝቱም የባለቤትነት መብት አልጠየቀም።

የወንጀል መርማሪዎች ከዚህ ሥራ ብዙ ተጠቅመዋል። ጥርስ እሳትንና መበስበስን ይቋቋማል፤ የሥሩ ቅርጽ፣ የተሞላው ቀዳዳና በግንባር አጥንት ውስጥ ያለው ክፍተት ከሰው ሰው ይለያያል። ስለዚህ ከሞት በኋላ የተነሣው ራጅ በሕይወት ሳሉ ከተነሣው ጋር ይነጻጸራል። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ የአርጀንቲና የአፅም መርማሪዎች ወደ አገራችን መጥተው የደርግ ዘመን ሰለባዎችን የጅምላ መቃብር መርምረዋል። በእንዲህ ያለ ሥራ የቀድሞው ፊልም ከሌለ የኋለኛው ከምን ጋር ይነጻጸራል? ቤተሰብም የሚቀብረውን ሳያውቅ ይኖራል።

ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1923 በሙኒክ ሲሞት የግል ጽሑፎቹ እንዲቃጠሉ ተናዞ ነበር፤ እንደ ቃሉም ተደረገ። እርሱ ያቃጠለው የራሱን ነው። በየሐኪም ቤቱ መሣሪያ የምንተክልና የምንጠግን እኛ ግን ፊልምም ሆነ የኮምፒዩተር ምስል ከነስሙና ከነቀኑ የሚቀመጥበትን ሥፍራ አብረን ልናቅድ ይገባናል። የሌላውን ሰው ማስረጃ የመጣል መብት የለንምና።