ጀምስ ብሩስና የጨረቃ ግርዶሽ

ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ30 እስከ 3 ሰዓት ከ52 ድረስ ጨረቃ ሙሉ በሙሉ በመሬት ጥላ ተሸፍና ነበር። እንዲህ ያለውን ትርኢት ከጉለሌ ሆኖ በፎቶግራፍ ለማንሣት የሚመኝ ተማሪ ብዙ ነው። ከበላያችን በእንጦጦ ተራራም የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች በ2007 ዓ.ም. ተመርቀዋል። ስለዚህ ፎቶግራፍ ከመፈጠሩ በፊት የሥዕል ሣጥንና ቴሌስኮፕ ይዞ በአፍሪካ ስለ ዞረው፣ አገራችንንም ስለ ጎበኘው ስለ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ጥቂት ልንጽፍ ወደድን። ብሩስ ጉለሌን አላየም፤ አዲስ አበባም በዘመኑ ገና አልተቆረቆረችም። ነገር ግን ኑሮው ካሜራ ለሚይዝ ሰው ሁሉ ትምህርትም ተግሣጽም ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብሩስ በ1730 ኪናርድ በሚባለው በአባቱ ርስት ተወለደ። በ1754 ያገባት ሚስቱ በጥቂት ወራት ውስጥ ስለ ሞተችበት ልቡ ወደ ትምህርትና ወደ ጉዞ አዘነበለ። በ1763 በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንሲል ሆነ። የጥንት ሮማውያንን ፍርስራሽ ለመሳልም ካሜራ ኦብስኩራ ከለንደን አስመጣ። የዚህ ስም ትርጓሜ ጨለማ ክፍል ማለት ነው፤ ብርሃን በመስተዋትና በሌንስ ገብቶ የውጭውን ነገር መልክ በወረቀት ላይ ይጥላል፤ ሠዓሊውም መልኩን እየተከተለ በእርሳስ ይነድፋል። የዛሬው ካሜራ የዚሁ ልጅ ነው። ብርሃን ራሱ መልኩን ቀርጾ የሚያስቀርበት ጥበብ ግን ለዓለም የተገለጸው በ1839፣ ብሩስ ከሞተ ከ45 ዓመት በኋላ ነው። ለሥዕሉ ሥራ ብሩስ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ሰው ቀጠረ።

ሁለቱም በ1769 ምጽዋ ደረሱ፤ በየካቲት 1770 ጎንደር ገቡ። ብሩስ በፈንጣጣ የታመሙትን የቤተ መንግሥት ልጆች ስላከመ በእቴጌ ምንትዋብ ዘንድ ተወደደ፤ በራስ ሚካኤል ስሑልም ዘንድ ተሰሚነት አገኘ። ኅዳር 4 ቀን 1770 ከዓባይ ምንጭ ከግሽ ደረሰ። ምንም እንኳ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ቀድሞት የነበረ ቢሆን፣ ብሩስ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ ይል ነበር።

የብሩስ ትልቁ ጭንቀት ያየው ቦታ በዓለም ካርታ ላይ የት እንደሚያርፍ ማወቅ ነበር። ለዚህ ሰማዩን ይጠይቅ ነበር። የጨረቃ ግርዶሽ ለሚያዩት ሁሉ በአንድ ቅጽበት ይሆናል፤ በየአገሩ በፀሐይ የተስተካከለው ሰዓት ግን ይለያያል። የአንድ ሰዓት ልዩነት 15 ዲግሪ ኬንትሮስ ነው። በጉለሌና በለንደን መካከል 2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ያህል ልዩነት ቢገኝ፣ ጉለሌ ከለንደን ወደ ምሥራቅ 39 ዲግሪ ያህል ትርቃለች ማለት ነው። እንግዲህ የግርዶሹን ሰዓት በትክክል የጻፈ ሰው የቆመበትን ቦታ ያውቃል።

ብሩስ ወደ አገሩ ሲመለስ በሚያዝያ 1772 በሱዳን ምድር ተዋ በምትባል ከተማ ሹሙ አላሳልፍ ብሎ ያዘው። ብሩስም ግርዶሽ የሚሆንበትን ቀን አስቀድሞ ያውቅ ነበርና፣ በዚያ ቀን በሰማይ ምልክት ይታያል ብሎ ነገረው። ጨረቃ በተባለው ቀን ስትጨልም ሹሙ ደነገጠ፤ ብሩስም ብዙ ሳይቆይ መንገዱን ቀጠለ። ከዚያ በኋላ በኑቢያ በረሃ ግመሎቹ ስላለቁበት መሣሪያዎቹንና ጽሑፎቹን በአሸዋ ላይ ጥሎ በእግሩ አስዋን ገባ። ነፍሱ ከተረፈች ይበቃኛል አላለም፤ ሌላ ግመል ይዞ ተመልሶ የጣለውን ሁሉ አነሣ። የድካሙ ፍሬ በዚያ ወረቀት ላይ ነበርና።

በአገሩ ግን ብዙዎች ሐሰተኛ ነው ብለው ዘበቱበት። አምስት ክፍል ያለውን መጽሐፉን ያሳተመው በ1790 ነው፤ በ1794 በገዛ ቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ። ከዘበቱበት ነገር ብዙው እውነት ሆኖ ተገኘ። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ከስሙ ጋር ቀርቷል። ባሉጋኒ በጎንደር ሞቶ ቀረ፤ ብሩስም የእርሱን ሥዕሎች የራሱ አስመስሎ አወጣ፤ ከእርሱ ጋር እስከ ግሽ የሄደውን ሰው እንዳልሄደ አድርጎ ጻፈ። ለሰዓቱ የታመነው ሰው ለጓደኛው አልታመነም።

እኛ ከዚህ ምን እንማራለን? ጨረቃ ሙሉ በሙሉ ስትጋረድ ብርሃኗ እጅግ ይደክማልና የካሜራው ዓይን ሰከንዶች ያህል ተከፍቶ መቆየት አለበት። በዚህ ጊዜ ሰማዩ ስለሚዞር ጨረቃ በሁለት ደቂቃ ያህል የገዛ ራሷን ስፋት ታልፋለች፤ ስለዚህ ካሜራው በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ይጸናል፤ ጊዜውም ከልክ አያልፍም። ይህን ማንም ይማረዋል። የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሰዓቱና ቦታው ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ የግድግዳ ጌጥ ብቻ ነው። የተጻፈበት ግን፣ በዚያው ሌሊት በጎንደር ያለ ተማሪ ካነሣው ጋር ተስተያይቶ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን አምስት ደቂቃ ያህል የፀሐይ ሰዓት ልዩነት ለመፈለግ ያገለግላል።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ በሚመጣው ግርዶሽ ሌሊት አንዱ ካሜራውን ይይዛል፤ ሌላው በብርድ ቆሞ ሰዓቱን ይጽፋል። ፎቶግራፉ ታጥቦ በተለጠፈ ጊዜ የሁለቱም ስም ከሥሩ ይጻፍ።