ልኬትና ልምምድ፦ አልፍሬድ ቢኔና የአእምሮ ምዘና አጀማመር

የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ሰዎች የሚደረግ የኒውሮሳይኮሎጂ ምዘና ሁለት ተግባራትን አጣምሮ መያዝ ይገባዋል። አንደኛው የተመዛኙን ትውስታ፣ ትኩረት፣ ቋንቋና አመዛዘን በሥርዓት መመርመር ነው። ሁለተኛው በተገኘው ውጤት ላይ ተመሥርቶ አእምሮን የሚያነቃቃ ልምምድ መስጠት ነው። በተግባር ግን የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ሳያስከትል ይቀራል፤ ቁጥሩ ይመዘገባል፣ ልጁም በቁጥሩ ይጠራል። ይህ አጭር ጽሑፍ የዘመናዊው ምዘና ጀማሪ የሆነውን የፈረንሳዊውን አልፍሬድ ቢኔን ሕይወት በመከተል፣ ሁለቱ ተግባራት በመነሻቸው አንድ እንደነበሩና በምን ሁኔታ እንደተለያዩ ለማሳየት ይሞክራል። ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተገለጹ ናቸው።

ቢኔ በ1857 በኒስ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሐኪም ነበር፤ ወላጆቹ በመለያየታቸው ግን ያደገው በእናቱ እጅ ነው። በፓሪስ ሕግ አጥንቶ በ1878 ቢመረቅም በሙያው አልገፋበትም። ወደ ሥነ ልቦና የገባው በመምህር ሳይሆን በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ባካሄደው የግል ንባብ ነበር።

በ1880ዎቹ በሳልፔትሪዬር ሆስፒታል በታዋቂው የነርቭ ሐኪም በዣን ማርቲን ሻርኮ ሥር መሥራት ጀመረ። እዚያም ከባልደረባው ከሻርል ፌሬ ጋር፣ በሂፕኖሲስ ውስጥ ባሉ ሕሙማን ላይ የሚታየውን የአካል ምልክት በማግኔት ኃይል ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ማዛወር እንደሚቻል የሚገልጽ ሥራ አሳተመ። ቤልጂጋዊው ምሁር ዦዜፍ ዴልቡፍ ሆስፒታሉ ድረስ ሄዶ ሙከራውን ተመለከተና ሌላ ነገር አስተዋለ፤ መርማሪዎቹ የሚጠብቁትን ውጤት በሕሙማኑ ፊት ይናገሩ ነበር፤ ሕሙማኑም የተጠበቀባቸውን ያደርጉ ነበር። ቢኔ በመጀመሪያ አጥብቆ ተከራከረ፤ በመጨረሻ ግን ስሕተቱን በአደባባይ አምኖ ሆስፒታሉን ለቀቀ።

ይህ ውድቀት የኋለኛውን ሥራውን አቅጣጫ ወሰነ። የመርማሪው ግምት በተመርማሪው መልስ ውስጥ እንደሚገባ ከራሱ ልምድ የተረዳው ቢኔ፣ በ1900 ባሳተመው መጽሐፍ የጥያቄ አቀራረብ የልጆችን መልስ እንዴት እንደሚለውጥ በሙከራ አሳየ። በዚያው ጊዜ ገደማ የተማሪዎችን የራስ ቅል በመለካት የአእምሮን ችሎታ ለማወቅ ሞክሮ ነበር። በጎበዝና በደካማ ተማሪዎች መካከል ያገኘው ልዩነት ግን እጅግ ጥቂት ነበር፤ ይባስ ብሎ የራሱ ግምት የመለኪያ እጁን ሳይመራው እንዳልቀረ ጠረጠረ። ዘዴውንም ተወው።

የተሻለውን መንገድ ያገኘው በቤቱ ውስጥ ነው። ሁለት ሴት ልጆቹን ማድለንንና አሊስን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በቀላል ጥያቄዎች እየፈተነ ለዓመታት ተከታተላቸው። በአንድ ቤት ያደጉት እኅትማማቾች አስተሳሰባቸው የተለያየ ነበር፤ አንደኛዋ ያየችውን በጥንቃቄ የምትመዘግብ፣ ሌላዋ በምናብ የምትመራ ነበረች። በ1903 ያሳተመው ጥናት በእነርሱ ላይ የተመሠረተ ነው። ከ1894 ጀምሮ የሶርቦን የሥነ ልቦና ቤተ ሙከራን እስከ ዕለተ ሞቱ ቢመራም፣ በፓሪስ የፕሮፌሰርነት ወንበር ግን አላገኘም።

በፈረንሳይ በ1882 የወጣው ሕግ ትምህርትን ለሁሉም ልጆች ግዴታ ስላደረገ፣ በመደበኛው ክፍል መከታተል ያልቻሉ ተማሪዎች ጉዳይ ጎልቶ ወጣ። በ1904 የትምህርት ሚኒስትሩ ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚሽን ሲያቋቁም ቢኔ አባል ሆነ። በእርሱ ዕይታ አሳሳቢው ነገር የፍርዱ ዘፈቀደነት ነበር፤ አንዱ ሐኪም በአንድ ስም የጠራውን ልጅ ሌላው በሌላ ስም ይጠራው ነበር፤ መምህሩም ያስቸገረውን ተማሪ ከክፍሉ ለማራቅ ሊፈልግ ይችል ነበር። ስለዚህ ልጁን ከመዛኙ ስሜት የሚጠብቅ የጋራ መለኪያ አስፈለገ።

ቢኔ ከወጣቱ ሐኪም ከቴዎዶር ሲሞን ጋር በ1905 ያወጣው መለኪያ ከቀላል ወደ ከባድ የተደረደሩ 30 ተግባራት ነበሩት። የመጀመሪያው የሚነድ ክብሪትን በዓይን መከተል ሲሆን፣ ከመጨረሻዎቹ አንዱ የረቂቅ ቃላትን ልዩነት ማስረዳት ነበር። ልጁ ለብቻው፣ ጸጥ ባለ ክፍል፣ በመልካም አቀባበል እንዲመዘን ታዘዘ። በ1908 ተግባራቱ በዕድሜ ተመድበው የልጁ የአእምሮ ደረጃ ከእኩዮቹ ጋር የሚነጻጸርበት አሠራር መጣ፤ በ1911 ደግሞ እንደገና ተሻሻለ።

ሆኖም ቢኔ መለኪያው የአእምሮን ችሎታ እንደ ቁመት ወይም እንደ ክብደት ይለካል ብሎ አላመነም። ውጤቱ ልጁ በዚያ ጊዜ ያለበትን ደረጃ እንጂ የወደፊት ዕጣውን አይናገርም ነበር። በብራስልስ ኦቪድ ዴክሮሊና ባልደረባው መለኪያውን ሲሞክሩ ልጆቹ ከፓሪሶቹ የላቀ ውጤት አመጡ፤ ምክንያቱ ግን የብራስልሶቹ ከተማረና ከደላው ቤተሰብ፣ የፓሪሶቹ ከድሃ ሠፈር የመጡ መሆናቸው ነበር። ቢኔም የኑሮ ሁኔታ በውጤቱ ውስጥ እንደሚገባ ተቀበለ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ምዘናው በልምምድ እንዲከተል ፈለገ። በ1909 ባሳተመው ስለ ልጆች የሚናገር መጽሐፉ፣ የአእምሮ ችሎታ የማይጨምር ቋሚ መጠን ነው የሚለውን አመለካከት ተቃወመ። ኦርቶፔዲ የጎበጠን አካል እንደሚያቀና ሁሉ ትኩረትን፣ ትውስታንና ፈቃድን የሚያጠነክር ልምምድም ሊኖር እንደሚችል በማሰብ ሥራውን የአእምሮ ኦርቶፔዲ ብሎ ሰየመው። በልዩ ክፍሎች ልጆች ለተወሰነ ጊዜ እንደ ሐውልት ሳይንቀሳቀሱ ይቆሙ ነበር፤ ለአጭር ጊዜ ያዩአቸውን ዕቃዎች ከትውስታ ይዘረዝሩ ነበር፤ ውኃ የሞላ ዕቃ ሳያፈሱ ይሸከሙ ነበር። በእርሱ አስተሳሰብ መማርን መማር ከትምህርቱ ይዘት ይቀድም ነበር። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የወጣ ሕግ በፈረንሳይ ለእነዚህ ልጆች የሚሆኑ ልዩ ክፍሎች እንዲከፈቱ መንገድ ጠረገ። ቢኔ ግን ፍሬውን ብዙም ሳያይ በጥቅምት 1911 በ54 ዓመቱ አረፈ።

መለኪያው ተጓዘ፤ ልምምዱ ግን እዚያው ቀረ። አሜሪካዊው ሄንሪ ጎዳርድ በ1908 መለኪያውን ወደ አገሩ ወስዶ የተረጎመው፣ የአእምሮ ውስንነት በዘር የሚወረስና የማይለወጥ ነው ከሚል እምነት ጋር ነበር። በ1912 ጀርመናዊው ዊልያም ሽተርን የአእምሮን ዕድሜ ለትክክለኛው ዕድሜ በማካፈል ደረጃውን ወደ አንድ ቁጥር ለወጠው። በ1916 ሉዊስ ተርማን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መለኪያውን አሻሽሎ አስፋፋው። በ1927 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰዎችን በግዴታ ማምከንን በፈቀደበት ጉዳይ ላይ፣ የአንዲት ወጣት የአእምሮ ዕድሜ ውጤት ከቀረቡት ማስረጃዎች አንዱ ነበር። ልጅን ከዘፈቀደ ፍርድ ለመጠበቅ የተሠራው መሣሪያ ራሱ የፍርድ መሣሪያ ሆነ።

የተቋረጠውን መስመር የቀጠሉት ሌሎች ናቸው። ሩሲያዊው ሌቭ ቪጎትስኪ እኩል የአእምሮ ዕድሜ ያላቸው ሁለት ልጆች እገዛ ሲደረግላቸው የሚደርሱበት ደረጃ ሊለያይ እንደሚችል በማመልከት ምዘናን ወደ መማር አቅም መለሰው። በቢኔ ቤተ ሙከራ ከሲሞን ጋር የሠራው ዣን ፒያዤ፣ ከትክክለኛው መልስ ይልቅ ልጆች የሚሳሳቱበትን መንገድ አጠና። በጄኔቭ በፒያዤ ዘንድ የተማረው ሩቨን ፎየርስታይን ደግሞ በእስራኤል መመዘንንና ማስተማርን በአንድ መርሐ ግብር ያጣመረ ዘዴ አዳበረ። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የሄዱ ልጆችም በዚህ ዘዴ ከተመዘኑት መካከል ይገኛሉ። ሌላ ባህል ለሌላ ልጅ ባዘጋጀው ፈተና ያገኙት ዝቅተኛ ውጤት የችሎታቸው ወሰን አለመሆኑን ማሳየት የዘዴው ዋና ዓላማ ነበር።

ከቢኔ ሕይወት ለዛሬ ተመራማሪ የሚተርፉ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው መለኪያው በማን ላይ ተሞክሮ እንደተዘጋጀ፣ መዛኙስ በመልሱ ውስጥ ምን ያህል እንደገባ የሚጠይቅ ነው። ሁለተኛው ከውጤቱ ቀጥሎ ለተመዛኙ የታሰበለትን ልምምድ የሚመለከት ነው። ሁለተኛው መልስ ያላገኘበት የምዘና ሪፖርት፣ ቁጥሩ የቱንም ያህል የተስተካከለ ቢሆን፣ በቢኔ መስፈርት ያላለቀ ሥራ ነው።